ስልክና ኮምፒዩተር ስንገዛ፦ የወደድነውና የምንተማመንበት

ጥር 23 ቀን በእንጅባራ የሚከበረውን የአገው ፈረሰኞች በዓል የተመለከተ ሰው ፈረስ በአዊ ምን ያህል ክብር እንዳለው ይረዳል። ይሁን እንጂ ለበዓል የሚያጌጠው ፈረስ እህል ተሸክሞ ገበያ ለመመላለስ የሚመረጠው ፈረስ ላይሆን ይችላል። አስተዋይ ገዢ መልኩን ቢወድለትም እንኳ ጥርሱን አይቶ ዕድሜውን ሳይገምት፣ አካሄዱን ሳይመለከትና ሻጩ ማን እንደሆነ ሳይጠይቅ ገንዘቡን አያወጣም። የሚያስገርመው ግን ይህን ሁሉ ጥንቃቄ የለመደ ቤተሰብ ስልክ ወይም ኮምፒዩተር ለመግዛት ሲነሣ ብዙውን ጊዜ መልኩን ብቻ አይቶ መመለሱ ነው።

የእጅ ስልክ ጌጥ መሆኑ ቀርቶ የኑሮ መሣሪያ ሆኗል። ኢትዮ ቴሌኮም በግንቦት ወር 2013 ዓ.ም. የቴሌብርን አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ስልክ የገንዘብ መክፈያና መቀበያ ጭምር ነው። በእንጅባራ ድንችና ገብስ የምትሸጥ፣ በዳንግላ ሻይ ቤት የከፈተች ወይም በመሥሪያ ቤት ተቀጥራ የምትሠራ እናት ሒሳቧን የምትቀበለው፣ የልጇን ትምህርት ቤት የምትጠይቀውና ርቆ የሚኖር ዘመዷን የምታገኘው በዚሁ ዕቃ ነው። ስልኩ አንድ ቀን ቢዘጋ የአንድ ቀን ገበያ ይስተጓጎላል። የተገዛው በዕቁብ ገንዘብ ከሆነ ደግሞ ጉዳቱ የወራት ቁጠባ ነው። ስለዚህ ምርጫው የቤተሰብ ጉዳይ ነው ማለት ይቻላል።

በመጀመሪያ ደረጃ የግል ፍላጎትና አስተማማኝነት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን መገንዘብ ያስፈልጋል። አንዷ ሰፊ ገጽ ያለው ስልክ ትወዳለች፤ ሌላዋ ፎቶግራፍ የሚያሳምር ትመርጣለች፤ ሦስተኛዋ በአንድ እጅ የሚያዝ ትንሽ ስልክ ይመቻታል። በዚህ የሚያሳፍር ነገር የለም። ችግር የሚመጣው የወደድነው ሁሉ ጠንካራ ይመስለን ሲጀምር ነው።

የስም ነገርም እንዲሁ ነው። በየቤቱ “ቴክኖ ይሻላል”፣ “የለም፣ ኢንፊኒክስ ይበልጣል” እየተባለ ይከራከሩበታል። ነገር ግን ቴክኖ፣ ኢንፊኒክስና አይቴል ሦስቱም ትራንሽን የተባለው የአንድ የቻይና ኩባንያ ውጤቶች ናቸው። ኖኪያን ብንወስድ፣ ብዙዎቻችን የምናስታውሰው ስልክ ወድቆ የማይሰበር በመሆኑ ስሙ የገነነ ነበር። ሆኖም ኩባንያው የስልክ ሥራውን በ2006 ዓ.ም. ለማይክሮሶፍት ሸጧል። ከዚያም በኋላ ኤች ኤም ዲ የተባለ ሌላ የፊንላንድ ኩባንያ በፈቃድ በዚሁ ስም ስልክ ሲያቀርብ ቆይቷል። ስሙ አንድ ቢሆንም ሠሪው ተለውጧል። ታላቁ ሳምሰንግም ቢሆን ጋላክሲ ኖት 7 የተባለውን ስልክ ባትሪው እየጋለ ስለሚቃጠል ከገበያ ሰብስቦ በጥቅምት ወር 2009 ዓ.ም. ማምረቱን ለማቆም ተገዷል። እንግዲህ ከዚህ የምንረዳው ስም ብቻውን ዋስትና አለመሆኑን ነው። መመርመር ያለበት በእጃችን የገባው ዕቃ ራሱ ነው።

ታዲያ አስተማማኝነት በምን ይለካል? የመጀመሪያው መለኪያ ሥራው ነው። ገንዘብ ለመቀበልና ለመነጋገር ብቻ የምትፈልግ እናት *127# በመጫን በተራ ባለቁልፍ ስልክም ቴሌብርን መጠቀም ትችላለች። የዚህ ዓይነቱ ስልክ ባትሪ ለቀናት የሚቆይ በመሆኑ መብራት በሚጠፋበት ጊዜ ከውዱ ስልክ ይልቅ ባለውለታ ይሆናል። ልጆች የሚያጠኑበት ወይም ዕቃ በፎቶግራፍ ለደንበኛ የሚላክበት ከሆነ ግን 4ጂ የሚሠራ፣ በቂ ማከማቻ ያለውና አማርኛ በደንብ የሚጽፍ ስልክ ያስፈልጋል። ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ በሁለት ድርጅቶች ሲም ለሚጠቀሙ ሰዎች ደግሞ ሁለት ሲም የሚይዝ መምረጡ ይጠቅማል።

ሁለተኛው መለኪያ የጥገናው ቅርበት ነው። አንድ ስልክ ከአዲስ አበባ የአንድ ዓመት ዋስትና ይዞ ሊመጣ ይችላል። ዳንግላ ከባሕር ዳር 80 ኪሎ ሜትር ያህል፣ እንጅባራ ደግሞ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃሉ፤ አዲስ አበባ ከዚያም በእጅጉ ትርቃለች። ዋስትናውን ለማስከበር የአውቶቡስ ዋጋና የሥራ ቀን የሚጠይቅ ከሆነ በወረቀት ላይ የቀረ ዋስትና ነው። በመሆኑም ከመግዛት በፊት በከተማችን ወዳለ ስልክ ጠጋኝ ጎራ ብሎ “የዚህ ስልክ ስክሪንና ባትሪ እዚህ ይገኛል ወይ? ዋጋውስ ስንት ነው?” ብሎ መጠየቅ ብልኅነት ነው። ጠጋኙ የትኛው ስልክ ቶሎ ቶሎ እንደሚመለስ በየቀኑ የሚያይ ሰው ስለሆነ ምክሩ ከማስታወቂያ ይበልጣል።

ሦስተኛው “ጥርስ ማየት” ነው። *#06# ሲጫን 15 አኃዞች ያሉት የስልኩ መለያ ቁጥር ይወጣል። ይህ ቁጥር በካርቶኑ ላይ ከተጻፈው ጋር ካልተመሳሰለ ወይም ጨርሶ ካልወጣ አለመግዛት ይሻላል። ሲም አስገብቶ ደውሎ መስማት፣ ቻርጀር ሰክቶ መሙላቱን ማየት፣ ፎቶግራፍ አንሥቶ መሞከርም ከአሥር ደቂቃ በላይ አይፈጅም። ደረሰኝ ያለ ምንም ይሉኝታ መጠየቅ አለበት። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች የሚባለው እንዲህ ላለው ነገር ነው።

ያገለገለ ስልክ የምትገዛ እናት አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋታል። የቀድሞው ባለቤት የራሱን መለያና የይለፍ ቃል ከስልኩ ላይ በፊቷ ማጥፋቱን ታረጋግጥ። ይህ ካልተደረገ ስልኩ በኋላ ተቆልፎ ከጥቅም ውጭ ሊሆን ይችላል። ሻጩ ይህን ለማድረግ ካንገራገረም ስልኩ የሌላ ሰው ንብረት ሊሆን እንደሚችል መጠርጠር ተገቢ ነው።

ስልክ ለጥገና ሲሰጥም ሲሙንና ሚሞሪ ካርዱን አውጥቶ፣ የቤተሰብ ፎቶግራፎችን ወደ ሌላ ቦታ ገልብጦና ከስልኩ ላይ አጥፍቶ መስጠት የሴቶች ሁሉ ልማድ ቢሆን መልካም ነው። የቴሌብር የምሥጢር ቁጥር ለሻጭም ሆነ ለጠጋኝ አይነገርም። ስልክ ቢጠፋ ገንዘቡ አብሮ አይጠፋም፤ ያለው በስልኩ ውስጥ ሳይሆን በሒሳቡ ነውና። የምሥጢር ቁጥሩን ሌላ ሰው ካወቀው ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ኮምፒዩተርን በተመለከተ፣ ልጃቸውን ለእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ወይም ለሌላ ተቋም ያበቁ ወላጆች “ላፕቶፕ ግዙልኝ” የሚለው ጥያቄ ይደርሳቸዋል። አዲሱ ከአቅም በላይ ሲሆን ብዙዎች ያገለገለ ይገዛሉ። ይህ ስሕተት አይደለም። ለመሥሪያ ቤት ተብለው የተሠሩት የዴል ላቲቲውድ፣ የኤችፒ ኤሊትቡክና የሌኖቮ ቲንክፓድ ዓይነቶች በጥንካሬያቸው የታወቁና ለመጠገን የማያስቸግሩ በመሆናቸው፣ አሮጌ ቢሆኑም ከአዲስና ደካማ ላፕቶፕ የሚሻሉበት ጊዜ አለ። ሆኖም ዊንዶውስ 10 ከጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ መደበኛ ድጋፉ አብቅቷል። የሚቀጥለው ዊንዶውስ 11 ደግሞ ኢንቴል ባለበት ኮምፒዩተር ላይ በጥቅሉ 8ኛ ትውልድና ከዚያ በኋላ የወጣውን ይፈልጋል። ስለዚህ የትውልዱን ቁጥር መጠየቅ የፈረስን ዕድሜ እንደ መጠየቅ ይቆጠራል። ማከማቻውም ኤስ ኤስ ዲ ቢሆን ይመረጣል። የድሮው ሃርድ ዲስክ በውስጡ የሚሽከረከር አካል ስላለው በአውቶቡስ ጉዞና በመውደቅ በቀላሉ ይጎዳል፤ ኤስ ኤስ ዲ ግን የሚንቀሳቀስ አካል የለውም።

የማይበላሽ ማከማቻ ግን የለም። የመመረቂያ ጽሑፉን በአንድ ላፕቶፕ ላይ ብቻ ያስቀመጠ ተማሪ የወራት ድካሙን በአንድ ክር ላይ እንዳንጠለጠለ ይቆጠራል። በፍላሽ አንድ ቅጂ፣ በኢሜይል ሌላ ቅጂ ማስቀረት እንዲለምድ እናት ልጇን ብትጠይቅ ትልቅ ውለታ ትውልለታለች።

የአካባቢያችንን ጠባይም ማሰብ ይገባል። በአዊ ክረምቱ ብርቱ ነው። ዝናብና መብረቅ ሲበረታ ቻርጀርን ከሶኬት መንቀል፣ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ኃይሉ እስኪረጋ ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ ዕቃን ከቃጠሎ ያድናል። ያበጠ ባትሪ ፈጥኖ ይለወጥ እንጂ አይወጋ፣ አይጫን። ስልክ ትራስ ሥር ተደርጎ ሲሞላ ስለሚግል በተለይ ሕፃናት በሚተኙበት አልጋ ላይ ፈጽሞ አይደረግ።

በመጨረሻ፣ በብዙ ቤት የስልክና የኮምፒዩተር ግዢ ለባል ወይም ለወጣት ልጅ የሚተው ጉዳይ ነው። ዕቃው ግን የሚሠራው በእናቲቱም እጅ፣ የሚከፈለውም ከእርሷም ላብ ነው። ሥራው ምንድን ነው፣ ሲበላሽ የት ይጠገናል፣ ቁጥሩ ከካርቶኑ ጋር ይመሳሰላል ወይ ብሎ ለመጠየቅ የቴክኒክ ዕውቀት አያስፈልግም። እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ያለፈው ዕቃ ከተገኘ በኋላ ቀይ ይሁን ሰማያዊ፣ ትልቅ ይሁን ትንሽ፣ እዚያ ላይ የልብን ፍላጎት መከተል ይቻላል።