የነርቭ መርፌ ለማን ይጠቅማል?

እግር ሲያቃጥል፣ ጣት ሲደነዝዝ፣ ሌሊት ሲወጋጋ በሶዶም ሆነ በቦዲቲ «የነርቭ መርፌ» ፍለጋ መድኃኒት ቤት የሚሄድ ሰው አይጠፋም። መርፌው አብዛኛውን ጊዜ የቫይታሚን ቢ1፣ ቢ6 እና ቢ12 ድብልቅ ነው፤ ቅላቱም የቢ12 ቀለም ነው። እነዚህ ቫይታሚኖች የነርቭ ስንቅ ናቸው። ስለዚህ መርፌው በደንብ የሚሠራው ስንቁ ላለቀበት ሰው ነው።

ስንቁ በምን ያልቃል? ቢ12 የሚገኘው ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ነው፤ ቆጮ፣ ስኳር ድንችና የሽፈራው ቅጠል ሌላ ጥቅም ቢኖራቸውም ይህን አይሰጡም። ጉበት ለዓመታት የሚበቃ ቢ12 ስለሚያከማች፣ ሥጋ ለጊፋታ በዓል ብቻ የሚቀምስ፣ ወተትና እንቁላልም የማያገኝ ሰው ጉድለቱ ቶሎ አይታወቀውም። ለስኳር በሽታ ሜትፎርሚን ለረጅም ጊዜ የሚወስዱ ሰዎችም ቢ12 ሊያንሳቸው ይችላል። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒቱ አይሶናያዚድ ቢ6ን ያሟጥጣል፤ ቢ6 አብሮ የሚታዘዘውም ለዚህ ነው። አረቄ የሚያዘወትር ሰው ደግሞ ቢ1 ሊጎድለው ይችላል።

ሕመሙ እየተሻለ የሚመለስ ከሆነ ግን መንስኤው ሌላ ሊሆን ይችላል። ነርቭን የጎዳው ያልተቆጣጠሩት ስኳር፣ ከወገብ አጥንት መሀል የወጣ ዲስክ፣ የአልማዝ ባለጭራ ጠባሳ ወይም የሥጋ ደዌ ከሆነ ቫይታሚን ብቻውን አያድነውም። እያንዳንዱ የራሱ ሕክምና አለው። ለማቃጠሉም ሐኪም አሚትሪፕቲሊንን የመሰለ መድኃኒት በትንሽ መጠን ሊያዝ ይችላል።

«ቫይታሚን አይጎዳም» ማለትም ስህተት ነው። ቢ6 በብዛትና ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ራሱ ነርቭን ይጎዳል፤ ምልክቱም ያው መደንዘዝና ማቃጠል ነው።

ስለዚህ መርፌውን ከመጠየቅዎ በፊት ጤና ጣቢያ ሄደው የደም ስኳርዎን ይለኩ፤ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ይናገሩ፤ ስለ አመጋገብዎና ስለ መጠጥ ሳያፍሩ ያስረዱ። እግር ከሰነፈ፣ ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃተ፣ የማያም ቁስል እግር ላይ ከወጣ ወይም ሲነኩት የማይሰማ ነጣ ያለ ምልክት ቆዳ ላይ ከታየ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይሂዱ። የተጎዳ ነርቭ የሚያገግመው በዝግታ ነው፤ አንዳንዴም ጨርሶ አይመለስም። ከተደጋገመ መርፌ ይልቅ በጊዜ የታወቀ መንስኤ እግርዎን ያተርፋል።