የቅጂ መከላከያና የኮሞዶር 1541 ዲስክ አንባቢ ብልሽት

ኮሞዶር 1541 ለኮሞዶር 64 የቤት ኮምፒዩተር የተሠራ የፍሎፒ ዲስክ አንባቢ ሲሆን በ1982 እ.ኤ.አ. ለገበያ ቀረበ። በ1980ዎቹ በርካታ የሶፍትዌር አሳታሚዎች ዲስኮቻቸው እንዳይገለበጡ ሆን ብለው የተበላሹ ቦታዎችን ይጽፉባቸው ነበር። አንባቢው እነዚህን ቦታዎች ለማንበብ በሞከረ ቁጥር የማንበቢያ ራሱ ከማቆሚያው ጋር ይጋጭ ስለነበር፣ ይህ የቅጂ መከላከያ ዘዴ መሣሪያው ከጊዜ ብዛት እንዲዛነፍ ምክንያት ሆኗል።

የመሣሪያው አሠራር

1541 ከባለ 5.25 ኢንች ዲስክ በአንድ ጊዜ አንዱን ገጽ ብቻ ይጠቀማል። ገጹ ትራክ በሚባሉ 35 ክብ መስመሮች ይከፈላል። እያንዳንዱ ትራክ እንደ ርዝመቱ ከ17 እስከ 21 ሴክተሮች ይይዛል። በጠቅላላው 683 ሴክተሮች አሉ፤ የእያንዳንዱ መጠን 256 ባይት ነው። መሣሪያው የራሱ 6502 ፕሮሰሰር፣ 2 ኪሎባይት ራም እና 16 ኪሎባይት ሮም ስላለው ዲስኩን የማንበቡን ሥራ የሚያከናውነው ራሱ ነው፤ ኮምፒዩተሩ ትእዛዝ ይልክለታል፣ ውጤቱንም ይቀበላል።

የማንበቢያ ራሱን ከትራክ ወደ ትራክ የሚያንቀሳቅሰው ስቴፐር ሞተር ነው። መሣሪያው ራሱ የት እንዳለ የሚያውቀው የሞተሩን እርምጃ በመቁጠር እንጂ በመለኪያ አይደለም፤ የመጀመሪያውን ትራክ የሚያመለክት ሴንሰር አልተገጠመለትም። ስለዚህ ቦታው ሲጠፋበት ራሱን ከ40 ትራክ በላይ ወደ ውጭ እንዲሄድ ያዘዋል። ትራኮቹ ግን 35 ብቻ ስለሆኑ ራሱ ከማቆሚያው ጋር ይጋጫል፤ ሞተሩም መግፋቱን ስለማያቆም ከፍተኛ የመንኳኳት ድምፅ ይሰማል። ከዚህ በኋላ ራሱ መጀመሪያው ትራክ ላይ መሆኑ እርግጠኛ ይሆናል። ዘዴው የሴንሰር ወጪ ያስቀራል፤ አዲስ ዲስክ ሲዘጋጅ ብቻ አልፎ አልፎ ቢደረግም ብዙ ጉዳት የለውም።

ሆን ተብለው የተጻፉ ስህተቶች

ተራ የመገልበጫ ፕሮግራም የሚገለብጠው ጤናማ ሴክተሮችን ነው፤ ስህተትን እንደ ስህተት አድርጎ ሌላ ዲስክ ላይ መጻፍ አይችልም። አሳታሚዎች የተጠቀሙት በዚህ ድክመት ነው። ለምሳሌ የማረጋገጫ ድምሩ የማይገጥም ሴክተር ሲነበብ ስህተት ቁጥር 23ን ይሰጣል፤ የዲስኩ መለያ የተለየ ከሆነ ደግሞ ስህተት ቁጥር 29 ይመጣል። ፕሮግራሙ ሲጫን ያንን ሴክተር እንዲነበብ ይጠይቃል። የሚጠበቀው ስህተት ከመጣ ዲስኩ ዋናው ነው ማለት ነው፤ ሴክተሩ ያለ ችግር ከተነበበ ግን ቅጂ ነው ተብሎ ፕሮግራሙ ይቆማል።

ችግሩ መሣሪያው ስህተቱ ሆን ተብሎ የተጻፈ መሆኑን የሚያውቅበት መንገድ አለመኖሩ ነው። ደጋግሞ ለማንበብ ይሞክራል፤ ካልተሳካለት ራሱን ከማቆሚያው ጋር አጋጭቶ እንደገና ይጀምራል። በዚህ የተነሳ ለአልፎ አልፎ የታሰበው መንኳኳት ፕሮግራሙ በተከፈተ ቁጥር የሚደጋገም ሆነ።

የሚያስከትለው ጉዳት

የሞተሩን እንቅስቃሴ ወደ ራሱ የሚያስተላልፈው ፑሊ በሞተሩ ዘንግ ላይ በግፊት ብቻ የተያዘ ነበር። ግጭት ሲደጋገም ፑሊው በጥቂቱ ይንሸራተታል፤ በመሣሪያው ውስጥ ያለው ትራንስፎርመር የሚያመነጨው ሙቀትም ችግሩን ያባብሰዋል። ያን ጊዜ ራሱ በትራኩ መሃል መቆሙ ቀርቶ ወደ ጎን ይዛነፋል።

ብልሽቱ ቶሎ አይታወቅም። የተዛነፈ መሣሪያ ራሱ የጻፈውን ዲስክ በደንብ ያነባል፤ የሚቸገረው ከሱቅ የተገዛ ወይም በሌላ መሣሪያ የተጻፈ ዲስክ ሲገባለት ነው። ጥገናውም የራሱ ጣጣ አለው፦ ራሱ ወደ ትክክለኛ ቦታው ከተመለሰ በኋላ፣ በተዛነፈበት ጊዜ የተጻፉ ዲስኮች ላይነበቡ ይችላሉ። አንዳንድ ጠጋኞች ፑሊው ዳግም እንዳይንሸራተት ከዘንጉ ጋር በፒን ያያይዙት ነበር።

ተጎጂው ማን ነበር?

ጉዳቱ በዋናነት የደረሰው ሶፍትዌሩን በገንዘቡ በገዛው ሰው ላይ ነው። መከላከያው የተሰበረበት ሕገ ወጥ ቅጂ ስህተቱን ስለማይፈትሽ መሣሪያውን አያንኳኳም። በአሜሪካ በ1980 የወጣው ሕግ የፕሮግራም ቅጂ ባለቤት ለመጠባበቂያ የሚሆን ሌላ ቅጂ እንዲሠራ ይፈቅድ ነበር፤ የተበላሹት ሴክተሮች ግን ይህን በተግባር አስቸጋሪ አደረጉት።

በኋላ የመጡ ለውጦች

መንኳኳቱን በፕሮግራም ማስቀረት ይቻል ነበር። በመሣሪያው ራም አድራሻ 106 ላይ 133 የሚለው ቁጥር ሲጻፍ የማጋጨቱ ሂደት ይዘጋል። የመገልበጫ ፕሮግራሞች ስህተቶችንም መገልበጥ ሲጀምሩ፣ አሳታሚዎች የራሳቸውን የማንበቢያ ፕሮግራም ወደ መሣሪያው ራም ወደሚጭኑ ረቂቅ ዘዴዎች ዞሩ። እነዚህ የሮሙን የማጋጨት ሂደት ስለማይጠቀሙ ድምፁ ቀረ። በ1985 የወጣው ኮሞዶር 1571 ደግሞ የመጀመሪያውን ትራክ የሚያመለክት ሴንሰር ነበረው።

የድሮ ሶፍትዌርን ለታሪክ በሚያስቀምጡ ሰዎች ዘንድ ጉዳዩ ዛሬም ይነሳል። ዲ64 የተባለው የዲስክ ምስል ፋይል 174,848 ባይት ነው፤ ሆን ተብለው የተጻፉትን ስህተቶች ለመመዝገብ ለእያንዳንዱ ሴክተር 1 ባይት ሲጨመርበት 175,531 ባይት ይሆናል። ይህ መረጃ ከጎደለ፣ ሴክተሮቹ በሙሉ በትክክል ቢገለበጡም ዋናው ፕሮግራም ራሱን እንደ ቅጂ ቆጥሮ አልከፈትም ሊል ይችላል።