ያውቁ ኖሯል? የፊት ጎማ ሲያጉረመርም

የካዛንቺስ ስም ጣሊያንኛ መሆኑን ያውቁ ኖሯል? በወረራው ዘመን ለጣሊያን መንግሥት ሠራተኞች ቤት የሚሠራው ድርጅት ስሙ ሲያጥር «ኢንቺስ» ነበር። ቤቶቹ «ካዜ ኢንቺስ» ተባሉ፤ በእኛ አፍ ካዛንቺስ ሆኑ። ጣሊያን ከወጣ 80 ዓመት አልፏል፤ ጋራዥ ሲገቡ ግን ዛሬም በጣሊያንኛ ቃላት ነው የሚነጋገሩት፦ ኩሽኔታ፣ ግራሶ፣ ዳዶ፣ ክሪክ።

«ላንድክሩዘር» የሚለው ስም የወጣው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው። ካዛንቺስን በነጭ ላንድክሩዘር ያጥለቀለቀው የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን የተቋቋመው ከ4 ዓመት በኋላ ነው።

የድሮ ላንድክሩዘር ሃርድቶፕ የፊት ጎማ በሁለት ኩሽኔታ፣ በውስጠኛውና በውጭኛው፣ ይዞራል። ሁለቱም ሾጣጣ ሮለር ያላቸው ናቸው፤ የዚህ ዓይነቱ ኩሽኔታ የታወቀው የቲምከን የፈጠራ መብት (ፓተንት) የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ1898 ነው።

አደባባይ ነጻ ምርመራ እንደሚሰጥዎት ያውቁ ኖሯል? በአገራችን አደባባይ የሚዞረው ወደ ግራ ስለሆነ ክብደቱ በቀኝ ጎማ ላይ ይወድቃል። ሲዞሩ ከፊት ጎማ የሚሰማው ጉርምርምታ ከበረታ መጀመሪያ የቀኙን ኩሽኔታ ይጠርጥሩ።

ጎማው መሐል ላይ «ፍሪ» እና «ሎክ» የሚል መዞሪያ ካለ ደግሞ ሌላ ምስክር አለዎት። «ፍሪ» ላይ ጎማው ብቻውን ይዞራል፤ አክስሉና የፊት ዲፈረንሻሉ ያርፋሉ። «ሎክ» ሲያደርጉ ብቻ የሚሰማ ድምፅ እንግዲህ የጎማ ኩሽኔታ አይደለም። በሙሉ መሪ ሲታጠፉ ቀጭ ቀጭ የሚል ከሆነ የአክስሉን መገጣጠሚያ ያስፈትሹ። (በደረቅ አስፋልት ላይ በአራት ጎማ እየነዱ ሲታጠፉ መኪናው ቢንገጫገጭ ግን ብልሽት አይደለም፤ ጥፋቱ የነጂው ነው።)

አሁን ክሪክ ያስገቡ። ጎማውን ከላይና ከታች ይዘው ይነቅንቁ። ከተላወሰ ሌላ ሰው ፍሬን ይርገጥልዎትና ደግመው ይነቅንቁ። መላወሱ ከጠፋ ኩሽኔታው ነው፤ ካልጠፋ መሪው የሚዞርበት መገጣጠሚያ ነው። በዚህች አንዲት ዘዴ ስንት ደህና ኩሽኔታ ከመጣል ይድን ነበር!

ከገጠር የሚመለስ መኪና ወንዝ ሲሻገር የጋለው ሃብ (ኩሽኔታዎቹ የተቀመጡበት የጎማው መሐል) በድንገት ይቀዘቅዛል፤ ውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና በአረጀ ጎሚኒ በኩል ውኃ ይስባል። ግራሶው ነጣ ብሎ ወተት ከመሰለ ውኃ ገብቷል።

የፋብሪካው መመሪያ በወር ቢያንስ 16 ኪሎ ሜትር በአራት ጎማ ይንዱ ይላል፤ ዘይቱ እንዲዳረስ ነው። ከተማ ውስጥ ይህን የሚያደርግ አለ?

የኩሽኔታው ዳዶ 54 ሚሊ ሜትር ነው። መካኒኩ በ54 ቁልፍ ፈንታ መዶሻና መሮ ሲያነሳ ካዩ መኪናዎን ይዘው ይውጡ።