ማንቲስ ቆዳ ሲቀይር እጃችሁን ሰብስቡ

ዛሬ ከሥራ የወጣሁት ተናድጄ ነው፤ ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፈው።

አንድ ያገራችን ሰው ከልጁ ጋር ወደምሠራበት የነፍሳት ማሳያ ክፍል መጣ። የእርጎ ዕቃ የምታክል ክዳን ያላት ፕላስቲክ ይዟል። ውስጧ ማንቲስ አለ። ግማሽ አካሉ ከአሮጌው ቆዳ ወጥቷል፤ ሁለቱ የኋላ እግሮቹ ግን እዚያው ቆዳ ውስጥ ተጣምመው ደርቀዋል። ሆዱ ላይ ለምግብ ተብሎ የገባለት ክሪኬት የጋጠው ቁስል አለ። «እህቴ፣ እባክሽ አንድ ነገር አድርጊለት፤ ልጁ እህል አልቀምስ አለኝ» አለኝ አባትየው። ቆዳው አልላቀቅ ሲል በጣቱ ስቦ ሊያወልቅለት ሞክሯል። «እርዱት» የሚል ቪዲዮ አይቶ ነው። ማንቲሱ አልተረፈም።

በሰውየው አልፈርድም። የሰማውን ነው ያደረገው። የምፈርደው ይህንን ምክር በሚያሠራጩት፣ እንቁላሉንም ያለ አንዲት ገጽ መመሪያ ለልጅ በሚያስታቅፉት ላይ ነው።

እዚህ ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ በእኛ ሰዎች ቤት ማንቲስ እየበዛ ነው። አንዱ ልጅ ከትምህርት ቤት የእንቁላል ከረጢት ይዞ ይመጣል፣ አንዱ ከጓሮ ይይዛል፣ አንዱ አባቱን ወጥሮ በኢንተርኔት ያስገዛል። እኔ ደስ ይለኛል። አይጮህም፣ አይሸትም፣ መርዝ የለውም፤ ልጅም ትዕግሥት ይማርበታል። ነገር ግን በየበጋው ተጣምሞ፣ ተሰብሮ የሚመጣልኝን አብዛኛውን ማንቲስ የገደሉት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ ቆዳ በሚቀይርበት ሰዓት ቦታ ማጣትና የሰው እጅ። ስለዚህ በተራ ላስቀምጠው።

1ኛ. ቤቱ። ከፍታው ቢያንስ የማንቲሱን ርዝመት ሦስት እጥፍ፣ ስፋቱ ሁለት እጥፍ ይሁን። የቻይና ማንቲስ ሲያድግ 10 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፤ እንግዲህ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ማለት ነው። ጣሪያው በእግሩ ጥፍር ቆንጥጦ የሚይዘው ነገር ይኑረው። የአጎበር ጨርቅ ቁራጭ ይበቃል። ለስላሳ ፕላስቲክ ክዳን አይሆንም። አንድ ቤት ውስጥ አንድ ማንቲስ ብቻ፤ ወንድማማች ቢሆኑም ይበላላሉ።

2ኛ. ምግቡ። በሕይወት ያለና የሚንቀሳቀስ ነፍሳት። ትንሽ ሳለ ከእንስሳት መደብር የሚሸጠው መብረር የማይችል የፍራፍሬ ዝንብ፣ ሲያድግ የቤት ዝንብ፣ የእሳት ራት፣ ትንሽ ክሪኬት። የሚሰጠው ነገር ከራሱ አካል ግማሽ አይብለጥ። ሥጋና ሞርታዴላ የሚያጎርሱ ቪዲዮዎችን ተዉአቸው።

3ኛ. ውሃ። በመርጫ የቤቱን ግድግዳ በስሱ አርጥቡለት፤ ጠብታውን ራሱ ይጠጣል። ክረምት ላይ ማሞቂያ የቤቱን አየር ስለሚያደርቅ ጠዋትና ማታ ይረጭ።

4ኛ. ቆዳ መቀየር። አሁን ወደ ዋናው መጣሁ፤ እባካችሁ እዚህ ላይ ቀስ ብላችሁ አንብቡ።

ማንቲስ እንደኛ ውስጡ አጥንት የለውም። አካሉን የሚሸከመው የውጭ ሽፋኑ ነው። ያ ሽፋን ስለማይለጠጥ ለማደግ መጣል አለበት። እንደ ዝርያውና እንደ ጾታው ከ6 እስከ 9 ጊዜ ያህል ይጥለዋል። ጊዜው ሲደርስ ጥቂት ቀን ምግብ ይተዋል፣ ሆዱ ይነፋል፣ ቀለሙ ይደበዝዛል፣ ከአንድ ቦታ አይነቃነቅም። የመጨረሻው ዙር ከሆነ ጀርባው ላይ ያሉት የክንፍ እምቡጦች ያብጣሉ። ብዙ ወላጅ «ታመመ» ብሎ የሚደነግጠው እዚህ ላይ ነው። እንዲበላ ብሎ ተጨማሪ ክሪኬት ያስገባለታል። የሞት ፍርዱ የሚፈረምበት ያን ጊዜ ነው።

ምክንያቱም ማንቲሱ ጣሪያው ላይ ቁልቁል ተንጠልጥሎ ጀርባውን ሰንጥቆ ሲወጣ አዲሱ አካሉ እንደ ሊጥ የለሰለሰ ነው። እጁ አይይዝም፣ መንጋጋው አይነክስም። በሌላ ቀን በአንድ ቅጽበት የሚቀልበው ክሪኬት አሁን እሱን ይግጠዋል። በዓይኔ አይቻለሁ፤ ከእግር ጀምሮ ይበላሉ። ስለዚህ ምግብ ማቆሙን ያያችሁ ዕለት ያልተበላውን ሁሉ አውጡ። ቆዳውን ከጣለ በኋላም ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ምንም አታስገቡ።

ከፍታውን አጥብቄ የምናገረውም ለዚሁ ነው። ሲወጣ ወደ ታች ይንሸራተታል፤ የራሱን ርዝመት ያህልና ከዚያም በላይ ባዶ ቦታ ይፈልጋል። ጭንቅላቱ ወለል ከነካ አንገቱ እንደተቆለመመ ይደርቃል። እግሩ ከግድግዳ ጋር ከተጋጨ እንደታጠፈ ይቀራል። በመጨረሻው ዙር ላይ ደግሞ ደሙን ወደ ክንፎቹ እየገፋ ይዘረጋቸዋል፤ ያን ሰዓት ክንፉ አንድ ነገር ከነካ ለዕድሜ ልኩ የተጨማደደ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ቆዳ የለውምና አይስተካከልም። የእርጎ ዕቃ ውስጥ ይህ ሁሉ እንዴት ይሆናል?

አሁን «እርዱት» ለሚሉት። ማንቲስ የሚጥለው ላይኛውን ቆዳ ብቻ አይደለም። ነፍሳት የሚተነፍሱት በጎናቸው ባሉ ቀዳዳዎች በኩል ወደ ውስጥ በተዘረጉ ቀጫጭን ቱቦዎች ነው። የቱቦዎቹ ውስጠኛ ሽፋን፣ የጉሮሮውም ሽፋን ከአሮጌው ቆዳ ጋር አብሮ ይወጣል። እናንተ በጣታችሁ ስትጎትቱ የምትጎትቱት ልብስ አይደለም፤ ከመተንፈሻ ቱቦው ውስጥ የሚወጣ ክር ነው። ከአዲሱ አካሉ ላይ ያልተላቀቀውን ትገነጥላላችሁ። ራሱ በራሱ ጊዜ፣ በራሱ ትንፋሽና ግፊት ሲያወጣው ብቻ ነው በሰላም የሚላቀቀው። ሥራው ብዙውን ጊዜ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ ተንጠልጥሎ ይጠነክራል። ያን ሁሉ ጊዜ የእናንተ ድርሻ ቤቱን አለመነቅነቅ ነው። ፎቶ ልታነሱ ክዳኑን አትክፈቱ።

ወድቆ ብታገኙትስ? አንድ ነገር ማድረግ ይቻላል። አካሉን ሳትነኩ አሮጌውን ቆዳ ብቻ በወረንጦ ይዛችሁ አንሱና ቆዳውን ከጣሪያው ጋር በፕላስተር ወይም በመርፌ አያይዙት፤ ማንቲሱ ቁልቁል ይንጠልጠል። ዙሪያውን በስሱ ውሃ ርጩ። ከዚያ ተዉት። እግር ቢያጣ ወጣት ከሆነ በሚቀጥሉት ዙሮች መልሶ ያበቅላል፤ ተስፋ አትቁረጡ።

5ኛ. የሐሰት ወሬዎች።

«አሜሪካ ውስጥ ማንቲስ መግደል 50 ዶላር ያስቀጣል» የሚለው ለብዙ ዓመት የተወራ ውሸት ነው። እንዲህ ያለ የፌደራል ሕግ የለም። ኮነቲከት እ.ኤ.አ. በ1977 ማንቲስን የግዛቷ ምልክት አድርጋለች፤ ምልክት ማድረግና መግደልን መከልከል ግን የተለያዩ ናቸው።

ማታ ማታ ዓይኑ ጠቆረ ብላችሁ የምትጽፉልኝ፣ አልታመመም። በጨለማ ብዙ ብርሃን ለመሰብሰብ ዓይኑ ይጠቁራል፣ ጠዋት ይመለሳል። ቀን ላይ ዓይኑ ውስጥ የምታዩት የሚከተላችሁ ጥቁር ነጥብም ቁስል አይደለም፤ ከየትም ብታዩት ይታያል። ሴቷ ወንዱን ሁልጊዜ ትበላለች የሚለውም ልክ አይደለም፤ ትበላለች፣ በተለይ ሲርባት፣ ግን ሁልጊዜ አይደለም። ጠግባ ከነበረች ሳይነካ የሚሄድ ብዙ ነው።

2ኛ ላይ ሳልጽፈው የቀረ፦ መድኃኒት ከተረጨበት ጓሮ የተያዘ ዝንብ አትስጡት። ቤት ውስጥ ፍሊት የነፋችሁ ዕለት ማንቲሱን ከክፍሉ አውጡት፤ ዝንቡን የሚገድል እሱንም ይገድላል። ቡና ሲፈላም ዕጣን ከሚጨስበት ክፍል አርቁት።

እና ደግሞ በመስከረምና በጥቅምት ትልቅ ሴት ማንቲስ ከጓሮ ይዛችሁ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ብትሞትባችሁ ልጁን አትቆጡት። አብዛኞቹ ከፀደይ እስከ ውርጭ ነው የሚኖሩት። ዕድሜዋ ነው። እንቁላሏን ጥላ ከሆነ ከረጢቱን ሞቃት ሳሎን ውስጥ አታስቀምጡት፤ በታኅሣሥ ይፈለፈልና ከመቶ በላይ ግልገል መጋረጃችሁ ላይ ታገኛላችሁ፣ የምታበሉትም የላችሁም።

ወደ ከረጢቱ ከመጣሁ ዝም ብዬ አላልፍም። የአትክልት መደብሮች በየፀደዩ «ተባይ ይበላላችኋል» ብለው የእንቁላል ከረጢት ይሸጣሉ። አብዛኛው የቻይና ማንቲስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1896 ፊላደልፊያ አካባቢ የተገኘ መጤ ዝርያ። ያገኘውን ይበላል፦ ንቡን፣ ቢራቢሮውን፣ የአገሬውን ተወላጅ የካሮላይና ማንቲስ ጭምር። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ አንድ ጥናት ማንቲስ ወፍ የበላባቸውን 147 ክስተቶች ከ13 አገሮች ሰብስቧል። አብዛኞቹ የተመዘገቡት እዚሁ አሜሪካ ሲሆን ሟቾቹም በአብዛኛው በጓሮ የስኳር ውሃ የምትሰቅሉላቸው ሐሚንግበርዶች ናቸው። ይህንን በየማሸጊያው ላይ የሚጽፍ አላየሁም። አንድ መደብር ሄጄ የአያያዝ ወረቀት አብራችሁ ስጡ ብል «ደንበኛ አያነብም» አሉኝ። እኔ ጋ የሚመጡት ወላጆች የሚያነቡት አጥተው ነው የሚመጡት።

ትምህርት ቤቶችም እንዲሁ። አንዱ ለክፍሉ ልጆች በሙሉ ከረጢት አድሎ ለበጋ ዕረፍት በር ዘጋ። ግልገሎቹ ሲፈለፈሉ የሚመልስ መምህር የለም። ደውዬ ለሳይንስ ክፍሉ ኃላፊ ነጻ ሥልጠና ልስጣችሁ አልኩ፤ ከአንዱ ስልክ ወደ ሌላው አዞሩኝና አንድ የድምፅ መልእክት ላይ ተዉኝ። ለልጅ ሕይወት ያለው ነገር ሰጥቶ እንዴት እንደሚኖር አለመንገር ትምህርት አይደለም። ልጁ የሚማረው ሕይወት ቢጠፋ ምንም እንደማይል ነው።

አንድ የመጨረሻ ጉዳይ፤ ይህኛው በቀጥታ እኛን ይመለከታል። በአውሮፓና በአሜሪካ አርቢዎች ዘንድ እጅግ የሚፈለገው ማንቲስ አይዶሎማንቲስ ዲያቦሊካ ነው። አገሩ ምሥራቅ አፍሪካ ነው፤ ኢትዮጵያ፣ ኬንያ፣ ታንዛኒያ። ሴቷ ከ10 ሴንቲ ሜትር በላይ ታድጋለች፤ ሲያስፈራሯት እጆቿን ዘርግታ ቀይ፣ ነጭና ጥቁር ቀለሟን ስታሳይ ያያት አይረሳትም። ታዲያ በዚህ ወር ብቻ ከአንድ በላይ ሰው «አገር ቤት የሚሄድ ዘመድ አለኝ፣ በሻንጣ ቢያመጣልኝስ» ብሎ ጠይቆኛል። አይሆንም። የኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር 482/1998 የጄኔቲክ ሀብት ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል። እዚህ ደግሞ የውጭ ማንቲስ ለማስገባት የግብርና መሥሪያ ቤቱ ፒፒኪው 526 የሚባል ፈቃድ ያስፈልጋል። ሕጉን ብንተወው እንኳ ፍጥረቷ ብርቱ ሙቀትና የሚበር ምግብ ትፈልጋለች፤ ለስላሳ ግድግዳ ላይ መቆም ስለማትችል ቤቷ በሁሉም በኩል መረብ ካልሆነ ቆዳ ስትቀይር ትወድቃለች። የቻይናውን ማንቲስ በእርጎ ዕቃ የሚገድል ቤት እሷን አንድ ዙር አያሳልፋትም። የአገራችንን ሀብት በክብር ማወቅ ከፈለጋችሁ መጀመሪያ በጓሮ የሚገኘውን ማሳደግ ቻሉ።

ቤታችሁ ማንቲስ ያላችሁ ይህንን እንዳነበባችሁ ተነሱና ሜትር ይዛችሁ ዕቃውን ለኩ። ሦስት እጥፍ ካልሆነ ዛሬውኑ ቀይሩ። ክዳኑ ለስላሳ ከሆነ የአጎበር ጨርቅ ለጥፉበት። ያልተበላ ክሪኬት ካለ አውጡ። የልጆቻችሁ ትምህርት ቤት ከረጢት የሚያድል ከሆነ ይህንን ጽሑፍ ለመምህሩ ላኩለት፤ ሥልጠናውን አሁንም በነጻ እሰጣለሁ። ጥያቄ ያላችሁ ማንቲሱን ከመንካታችሁ በፊት ፎቶ ላኩልኝ፤ ከነካችሁት በኋላ ማድረግ የምችለው በጣም ጥቂት ነው።