ፍርዱ ከመዝገብ ሲሰረዝ፦ የ«መሰየም» ድንጋጌ፣ ተውባና የኢማሙ ድርሻ

መግቢያ

በመቐለ ከተማ ከማረሚያ ቤት የወጣ ሰው ቅጣቱን ቢጨርስም የፍርዱ ጥላ ወዲያው አይለየውም። ሥራ ሲጠይቅ ወይም ወደ ውጭ አገር ለመሄድ ሲሰናዳ ከወንጀል ነጻ መሆኑን የሚያረጋግጥ የፖሊስ ማስረጃ ይጠየቃል። ከጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያ ስምምነት በኋላ ከተማዋ ኑሮዋን መልሳ በምትገነባበት በዚህ ዘመን፣ አንድ የቆየ ፍርድ የመላ ቤተሰብን እንጀራ ሊያስቀር ይችላል። እንዲህ ያለው ሰው ከጠበቃ አስቀድሞ የመስጂዱን ኢማም ማማከሩ የተለመደ ነው። በመሆኑም በዚህ ጽሑፍ ሕጉ ምን እንደሚፈቅድለት፣ ፊቅህ ጉዳዩን እንዴት እንደሚያየው፣ የኢማሙና የመምህሩ ድርሻም ምን እንደሆነ እናብራራለን።

የሕጉ ድንጋጌ

ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበትና በትግራይም ተፈጻሚ የሆነው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ ከአንቀጽ 232 እስከ 237 «መሰየም» የሚባል ሥርዓት ደንግጓል። መሰየም ከይቅርታ ይለያል። ይቅርታ ቅጣቱን ያስቀራል ወይም ያቀልላል እንጂ ፍርዱን ከመዝገብ አያጠፋም። መሰየም ግን ፍርዱን ራሱን የሚያሰርዝ ነው።

ሕጉ መሰየምን እንደ መብት በቀጥታ አይሰጠውም፤ አመልካቹ በጠባዩ ሊያገኘው የሚገባ መሆኑን ማሳየት አለበት። ዋና ዋናዎቹ ሁኔታዎች እነዚህ ናቸው። አንደኛ፣ ጽኑ እሥራት ከሆነ ቅጣቱ ከተፈጸመ ቢያንስ 5 ዓመት፣ በቀላል ቅጣት ከሆነ 2 ዓመት ሊያልፍ ይገባል። ሁለተኛ፣ አመልካቹ በዚህ ጊዜ ውስጥ በመልካም ጠባይ የኖረ ሊሆን ይገባል። ሦስተኛ፣ በፍርድ ቤት የተወሰነበትን ካሣና ኪሣራ አቅሙ በፈቀደ መጠን የከፈለ ሊሆን ይገባል።

ጥያቄው ተቀባይነት ካገኘ አንቀጽ 235 ሦስት ውጤቶችን ያስከትላል። በፍርዱ ምክንያት የታጡ መብቶች ለወደፊቱ ይመለሳሉ፤ ፍርዱ ከመዝገብ ተሰርዞ እንዳልነበረ ይቆጠራል፤ የቀድሞውን ፍርድ በክፋት እያነሣ ሰውየውን የሚነቅፍ ደግሞ ክብርን በመንካት ይጠየቃል። ይሁን እንጂ የተሰየመ ሰው ተመልሶ ከባድ ወንጀል ከፈጸመ መሰየሙ ሊሻርበት ይችላል።

ፊቅህና የተመለሰ ታማኝነት

የጥፋተኛ ሰው ስም በተውባ ይመለሳል ወይ የሚለው ጥያቄ ለዑለማእ አዲስ አይደለም። መነሻው በሱረቱ አን-ኑር አንቀጽ 4 እና 5 ላይ ነው፤ በዚያ በሐሰት ዝሙት የወነጀለ ሰው ምስክርነቱ እንዳይሰማ ከታዘዘ በኋላ ተጸጽተው ራሳቸውን ያስተካከሉ ተለይተው ወጥተዋል። የሻፊዒይ፣ የማሊኪይና የሐንበሊይ መዝሀቦች ይህ ልዩነት ምስክርነትንም ይመለከታል ብለው፣ ከተውባ በኋላ ቃሉ ይሰማል ይላሉ። ዑመር (ረ.ዐ.) በዚሁ ጥፋት ከተቀጡት መካከል ቃላቸውን የመለሱትን ምስክርነት መቀበላቸው መረጃቸው ነው። የሐነፊይ መዝሀብ ግን ልዩነቱ «አመጸኛ» የመባልን ስያሜ ብቻ ያነሣል፤ ምስክርነቱ ውድቅ እንደሆነ ይቀራል ይላል። በሌሎች ጥፋቶች ግን ሐነፊዮችም የተጸጸተን ሰው ምስክርነት ይቀበላሉ። በአገራችን የሻፊዒይና የሐነፊይ መዝሀቦች ጎን ለጎን ስለሚሰጡ መምህራን ይህን ልዩነት በቦታው ሊያስረዱ ይገባል።

ተውባው እውነተኛ መሆኑ በምን ይታወቃል? አብዛኞቹ ሻፊዒዮች የአንድ ዓመት መፈተኛ አስቀምጠዋል፤ አራቱ ወቅቶች ሲፈራረቁ የሰው ጠባይ ይገለጣል የሚል ምክንያትም ሰጥተዋል። የሰው ሐቅ የተነካ እንደሆነም ሐቁን ለባለቤቱ መመለስ የተውባ ግዴታ ነው። እዚህ ላይ ሕጉና ፊቅህ በምንጭም በዝርዝርም ቢለያዩ፣ ጊዜን፣ የተስተካከለ ጠባይንና የተበዳይን ሐቅ በመጠየቅ ይቀራረባሉ።

ያለፈውን ማንሣት

መዝገብ በዳኛ ትእዛዝ ይሰረዛል፤ የሰፈር አንደበት ግን በትእዛዝ አይዘጋም። ሱረቱል ሑጁራት አንቀጽ 11 በመጥፎ ቅጽል መጠራራትን ይከለክላል። ከኢብኑ ዓባስ (ረ.ዐ.) በተላለፈ ትርጓሜ ይህ ክልከላ ክፉ ሠርቶ የተጸጸተን ሰው በቀድሞ ሥራው ማነወርን ያካትታል። ቡኻሪም መጠጥ በመጠጣቱ በተደጋጋሚ የተቀጣን ሰው አንድ ሰው ሲረግመው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እንደከለከሉትና ሰውየው አላህንና መልእክተኛውን እንደሚወድ እንደመሰከሩለት ዘግበዋል። ያ ሰው ገና ከጥፋቱ ሳይላቀቅ ይህን ያህል ከተጠበቀ፣ ተጸጽቶ ዓመታት ያለፉት ይበልጥ ሊጠበቅ ይገባዋል።

ይህ ማለት ግን አደጋን መደበቅ አይደለም። ዑለማእ ለጋብቻ ወይም ለአደራ ምክር ሲጠየቁ የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ መናገርን ፈቅደዋል። ስለዚህ መለኪያው ዛሬ የሚታይ ጉዳት መኖሩ ነው፤ ያለፈና የተስተካከለ ጥፋትን ማውራት ከዚህ ፈቃድ ውጭ ነው።

የኢማሙና የመምህሩ ድርሻ

የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ሥልጣን በግልና በቤተሰብ ጉዳይ የተወሰነ ስለሆነ የመሰየም ጥያቄ የሚቀርበው ለመደበኛው ፍርድ ቤት ነው። ኢማሙ በቅድሚያ አመልካቹን ፍርዱን ወደ ሰጠው ፍርድ ቤት ይምራው። የውሳኔውን ግልባጭ፣ ከማረሚያ ቤት የተለቀቀበትን ደብዳቤና ካሣ የከፈለበትን ደረሰኝ እንዲያሰባስብም ይምከረው። በጦርነቱ ብዙ የመንግሥት ተቋማት ስለተጎዱና ስለተዘረፉ ሰነድን በእጅ ማቆየት በትግራይ የበለጠ ያስፈልጋል። የመሰየም ትእዛዝ ሲገኝም የጣት አሻራ መዝገብ ለያዘው ፖሊስ መድረሱን መከታተል ይገባል።

ቀጥሎ፣ ስለ ጠባዩ ምስክርነት ሲጠየቅ ኢማሙ ያየውን ብቻ ይናገር። ለማያውቀው ሰው በርኅራኄ ብቻ መመስከር የሐሰት ምስክርነት ነው፤ የሚያውቀውን መልካምነት መደበቅም ሐቅን መከልከል ነው። ያልተመለሰ የተበዳይ ሐቅ ካለም አስቀድሞ ያስታርቅ፤ ካሣው ባልተሟላበት ጊዜም አቅም በፈቀደ መጠን እንዲከፈል ሽማግሌዎችን ያስተባብር።

በመጨረሻም ደረሶችና ጀመዓው የተሰየመን ሰው በቀድሞ ስሙ እንዳይጠሩት ማስተማር ያስፈልጋል። ፍርድ ቤት መዝገቡን ሊሰርዝ ይችላል፤ ሰውየው በሶፉ ውስጥ እንደማንኛውም ምእመን ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ እንዲቆም ማድረግ ግን የመስጂዱ ሥራ ነው።