የተማሩትን ማስመስከር፦ በጉልምስና ዕድሜ በፈተና ወደ ኮሌጅ ስለ መመለስ

የድጓ ተማሪ ዜማውን በሸዋም ቢሆን በጎጃም፣ በወሎም ቢሆን በትግራይ፣ ከአንድ መምህር ወይም ከብዙ መምህራን እግር ሥር ተቀምጦ ከተማረ በኋላ፣ በጋይንት ወደምትገኘው ወደ ቤተልሔም ወርዶ ካላስመሰከረ በቀር የድጓ መምህር ተብሎ ወንበር መዘርጋት እንደማይገባው የአብነት ትምህርት ቤታችን ሥርዓት ሲያስተምር ኖሯል። ለቅዳሴ ደብረ ዓባይ፣ ለዝማሬ መዋሥዕትም ዙር አባ በዚሁ አኳኋን የታወቁ የምስክር ቦታዎች ናቸው። በእነዚህ ታላላቅ ጉባኤያት የምስክሩ መምህር ከሁሉ አስቀድሞ የሚመረምረው፣ ተማሪው ቀለሙን መያዙን፣ ዜማውን አለመሳቱን፣ ምልክቱን ጠንቅቆ ማወቁን እንጂ፣ በየትኛው ጎጆ ስንት ክረምት ማሳለፉን አይደለም።

ይህን ጥንታዊ ልማድ ደጋግሞ ወደ ልቡናዬ ያመጣብኝ፣ በአሜሪካ አገር በ49 ዓመቴ ወደ ኮሌጅ ትምህርት የተመለስሁበት መንገድ ነው። በአዲስ አበባ የጀመርሁትን ትምህርት በሁለተኛው ዓመት አቋርጬ ከተሰደድሁ በኋላ፣ በዋሽንግተን ከተማ ከምድር በታች በተሠራ የመኪና ማቆሚያ፣ በመስታወት ጎጆ ውስጥ ተቀምጬ ትኬት ስቈርጥና ሒሳብ ስቀበል ብዙ ዓመታት አለፉ። የጧቱ ግፊያ ካለፈ በኋላ እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ገቢም ወጪም መኪና ስለማይበዛ፣ ከሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የተዋስሁትን መጽሐፍ ከገንዘቡ መሳቢያ ሥር ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ፣ ዛሬ የአሜሪካንን ታሪክ፣ ነገ የምጣኔ ሀብትን መሠረተ ሐሳብ፣ ከነገ ወዲያ የማኅበረሰብን ጥናት አነብ ነበር። ማንም ያላዘዘው፣ ማንም ያልመዘገበው ንባብ ነበረ። በዚህች ከተማና በዙሪያዋ በታክሲ መሪ፣ በሆቴል መስተንግዶ፣ በአረጋውያን መጦሪያ የሌሊት ተራ ላይ ሆነው እንደዚህ የሚያነቡ ወገኖቼ ምን ያህል እንደ ሆኑ ለማወቅ፣ ቡና ላይ ተቀምጦ ጨዋታቸውን ማዳመጥ ብቻ ይበቃል።

ወደ ኮሌጅ ለመመለስ በቈረጥሁ ጊዜ የመጀመሪያው ዕንቅፋት የወረቀት ነበር። የአዲስ አበባው ውጤቴ ከተቋሙ በታሸገ ፖስታ በቀጥታ እንዲላክ ተጠየቅሁ፤ ደብዳቤ ጻፍሁ፣ ዘመድ ላክሁ፣ ብዙ ወራት ጠበቅሁ፤ ፖስታው አልመጣም። የጠየቅሁት ኮሌጅ ጸሐፊም፣ ወረቀቱ እስካልመጣ ድረስ ምንም እንዳልተማረ ሰው ሆኜ ከመጀመሪያው እንድጀምር ነገረችኝ። በዚያ ቀን የተሰማኝን ኀዘን ዛሬም አልረሳውም፤ ጥፋቱ የእርሷ እንዳልሆነ ግን ኋላ ገባኝ፤ ጥፋቱ የመስፈሪያው ነው።

የአሜሪካ ኮሌጅ ዕውቀትን የሚሰፍርበት ቍና ክሬዲት ይባላል። ለባችለር ዲግሪ አብዛኛውን ጊዜ 120 ክሬዲት ያስፈልጋል፤ አንድ ክሬዲት ማለትም በልማዱ በሳምንት አንድ ሰዓት ያህል ክፍል ተቀምጦ፣ ሁለት ሰዓት ያህል ከክፍል ውጭ አጥንቶ፣ ይህንኑ 15 ሳምንት ያህል መዝለቅ ነው። የዚህ አሰፋፈር ሥር የሚገኘው አንድ ሰው ይገምተዋል በማይባል ስፍራ፣ በመምህራን ጡረታ ውስጥ ነው። ባለጸጋው አንድሩ ካርኔጊ በ1905 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) ለኮሌጅ መምህራን ጡረታ የሚሆን 10 ሚሊዮን ዶላር በሰጠ ጊዜ፣ ጡረታው ለእውነተኛ ኮሌጅ ብቻ እንዲደርስ የትኛው ተቋም ኮሌጅ፣ የትኛውም ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንደ ሆነ መለየት ግድ ሆነ፤ ለዚህም ሲባል በስሙ የቆመው ድርጅት ተማሪው ወደ ኮሌጅ ከመግባቱ በፊት የተማረውን በሰዓት የሚቈጥር አሐድ አስፋፋ፤ ከዚያም ወዲህ ሰዓት መቍጠር በኮሌጁም ውስጥ ሥር ሰደደ። የካርኔጊን ቸርነት አከብራለሁ፤ ነገር ግን ለሽማግሌ መምህር ጡረታ ተብሎ የተቈረጠ መለኪያ፣ መቶ ዓመት አልፎ የአንድን ጐልማሳ አእምሮ ሲለካ ማየት ያሳዝነኛል፤ ሰዓቱ ተማሪው የት እንደ ተቀመጠ ይናገራል እንጂ ምን እንዳወቀ አይናገርምና።

ሌላው መንገድ፣ ማለት መርምሮ የመመስከሩ መንገድ፣ በምዕራቡም ዓለም ቢሆን አዲስ አይደለም። በ1836 የተቋቋመው የሎንዶን ዩኒቨርሲቲ በመጀመሪያው ዘመኑ የሚፈትንና መዓርግ የሚሰጥ እንጂ ራሱ የሚያስተምር አልነበረም፤ በ1858 ባገኘው አዲስ ቻርተር ደግሞ ተማሪው የትም ይማር የት ለፈተናው መቅረብ እንዲችል በሩን ከፈተ፤ በ1878ም ሴቶች ለዲግሪው እንዲፈተኑ ፈቀደ። ኔልሰን ማንዴላ በሮበን ደሴት እስር ቤት ሆነው የሕግ ትምህርታቸውን የቀጠሉት በዚሁ ዩኒቨርሲቲ የውጭ ተማሪዎች መርሐ ግብር ነበር። በእኛም አገር የማትሪክ ፈተና በአገር ውስጥ ከመዘጋጀቱ በፊት፣ የታወቁት የአዲስ አበባ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች የሎንዶንን ፈተና ይወስዱ እንደ ነበር በዕድሜ የገፉት አንባብያን ያስታውሳሉ።

በአሜሪካ ነገሩን ያፋጠነው ጦርነት ነው። በ1942 ትምህርታቸውን አቋርጠው የዘመቱት ወጣቶች ሲመለሱ ከየት ይጀምሩ የሚለው ጥያቄ ስለ ተነሣ፣ የሁለተኛ ደረጃን ዕውቀት በፈተና የሚያረጋግጠው፣ ዛሬ ጂ.ኢ.ዲ. የምንለው ፈተና ለወታደሮች ተዘጋጀ፤ በ1944 የወጣውም የተመላሽ ወታደሮች ሕግ ጐልማሶችን ወደ ኮሌጅ አጐረፈ። ከዚያም በ1967 ኮሌጅ ቦርድ የሚባለው ማኅበር ክሌፕ በሚል አሕጽሮት የሚታወቀውን የኮሌጅ ደረጃ ፈተና ጀመረ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሦስት ግዛቶች ጐልማሳውን ብቻ አስበው ሦስት ተቋማት አቆሙ፤ እነርሱም በ1971 ሥራ የጀመረውና ዛሬ ኤክሴልሲየር ዩኒቨርሲቲ የሚባለው የኒው ዮርክ የውጭ ዲግሪ መርሐ ግብር፣ በ1972 የተመሠረተው የኒው ጀርሲው ቶማስ ኤዲሰን፣ በ1973ም የተመሠረተው የኮኔቲከቱ ቻርተር ኦክ ናቸው። እነዚህ ሦስቱ ከሌላ ተቋም የመጣን ክሬዲትና በፈተና የተገኘን ክሬዲት በሰፊው በመቀበላቸው፣ በዚህ መንገድ የሚሄዱ ተማሪዎች ስማቸውን እንደ ጸሎት መጽሐፍ በቃላቸው ይዘውታል።

የክሌፕ አሠራር ቀላል ነው። ፈተናዎቹ 34 ናቸው፤ ከአልጀብራ እስከ ሥነ ልቡና፣ ከአሜሪካ ታሪክ እስከ ምጣኔ ሀብት ይደርሳሉ። አብዛኞቹ 90 ደቂቃ ያህል ይፈጃሉ፤ ውጤቱ ከ20 እስከ 80 ይሰጣል፤ የአሜሪካ የትምህርት ምክር ቤት በተለምዶ 50 ላገኘ ሰው ክሬዲት እንዲሰጠው ይመክራል፤ ይኸውም ለብዙዎቹ ፈተናዎች 3፣ ለጥቂቶቹ ደግሞ 6 ወይም ከዚያ በላይ ነው። የተሳሳተ መልስ ነጥብ አይቀንስም፤ የወደቀም ከሦስት ወር በኋላ ያንኑ ፈተና ደግሞ ሊወስድ ይችላል። ዋጋው የፈተናው ጣቢያ የሚጨምረውን ሳይቈጥሩ ወደ 100 ዶላር ገደማ ነው፤ በጦሩ ውስጥ ላሉት መንግሥት ይከፍልላቸዋል፤ ለሌላውም ቢሆን ሞደርን ስቴትስ የሚባል በጎ አድራጎት ድርጅት ትምህርቱን በነፃ ሰጥቶ፣ ትምህርቱን ለጨረሰ የፈተናውን ክፍያ ይሸፍናል። ይህን ከአንድ ኮርስ የኮሌጅ ክፍያ ጋር ያነጻጸረ የቤተሰብ አስተዳዳሪ፣ ለራሱ ትምህርት ከልጆቹ ጉርሻ ላይ ሳይቀንስ ሊማር እንደሚችል ወዲያው ይረዳል።

የመጀመሪያ ፈተናዬን የወሰድሁት በክረምቱ ብርድ፣ የሌሊት ሥራ አድሬ በወጣሁበት ጧት ነበር። በፈተናው ጣቢያ መጠበቂያ ክፍል ከተቀመጡት ወጣቶች አንዱ፣ መልኬን አይቶ ኢትዮጵያዊነቴን ያወቀ ልጅ፣ ከወንበሩ ብድግ ብሎ፣ «ጋሼ፣ ይቀመጡ። ልጅዎን ለማስፈተን ነው የመጡት?» አለኝ። «አይደለም የኔ ልጅ፤ እኔው ልፈተን ነው» አልሁት። ጥቂት ዝም ብሎ፣ «እናቴም ብትሰማዎ ጥሩ ነበር» አለ። ከዚያ በኋላ ስልኬን፣ ሰዓቴን፣ ኪስ ቦርሳዬን በትንሽ ቁም ሣጥን ቈልፌ፣ ኪሶቼን ገልብጬ አሳይቼ፣ መነጽሬም ታይቶልኝ፣ በሰጡኝ እርሳስና ባዶ ወረቀት ብቻ ገባሁ። ፈተናው እስከ 1877 ድረስ ያለው የአሜሪካ ታሪክ ነበር። እስከ አሥረኛው ጥያቄ ድረስ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ስለ ሚዙሪ ስምምነት የቀረበውን ጥያቄ ሳነብ፣ ያንን ገጽ ያነበብሁበት ጧት፣ የጎጆዬ ማሞቂያ ሽታና ከመውጫው የሚሰማው የበሩ ደወል ጭምር ትዝ አለኝ። የመጨረሻውን መልስ አስገብቼ ጥቂት እንደ ቆየሁ በኮምፒዩተሩ ላይ 63 የሚል ቍጥር ወጣ። ያንን ቍጥር ትክ ብዬ ሳየው ቆየሁ። በዚያ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ያለፉት ጧቶች በአንድ ጊዜ ምስክር ያገኙ መሰለኝ።

የምስክሩ ነገር ግን በዚህ አያበቃም፤ አገሪቱን ለብዙ ዘመን ሲያከራክር የኖረው ጉዳይም እዚህ ላይ ነው። የትምህርት ምክር ቤቱ ይመክራል እንጂ አያዝም፤ የሚያዘው እያንዳንዱ ኮሌጅ ነው። አንዱ 50ን ሲቀበል ሌላው ከዚያ በላይ ይጠይቃል፤ አንዱ እስከ 30 ክሬዲት ሲፈቅድ ሌላው ጭራሹን በሩን ይዘጋል፤ ሌላው ደግሞ ክሬዲቱን ተቀብሎ ለማንኛውም መሟያ በሚል ስም ስለሚመዘግበው፣ ተማሪው ያንኑ ትምህርት ገንዘብ ከፍሎ ደግሞ ይማራል። አብዛኞቹ ኮሌጆች ከዲግሪው ቢያንስ ሩብ ያህሉ በራሳቸው ዘንድ እንዲሠራ መጠየቃቸው ተገቢ ነው፤ ማኅተማቸውን የሚያኖሩበት መዓርግ ነውና። ነገር ግን ደንቡን በአደባባይ ሳይገልጡ፣ ሰውየው ከተፈተነና ከከፈለ በኋላ አንቀበልም ማለት፣ በድኻ ድካም ላይ የሚፈጸም በደል ነው። እኔም ሁለተኛውን ፈተናዬን ያለፍሁት፣ የዚያን ጊዜው ኮሌጄ አማካሪ በቃሉ «ይቀበሉታል» ስላለኝ ነበር፤ መዝገብ ቤቱ ግን አልተቀበለውም፤ በጽሑፍ ማስረጃ አልነበረኝምና ዝም አልሁ። ከዚያ ወዲህ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምለው፣ ወደ ፈተናው ከመሄዳችሁ በፊት የኮሌጁን መልስ በጽሑፍ ተቀበሉ ነው። አሜሪካ ዲግሪያቸውን ሳይጨርሱ የቀሩ ከ40 ሚሊዮን የሚበልጡ ሰዎች አሏት፤ እነዚህን ሰዎች መመለስ የሚፈልግ ኮሌጅ፣ የፈተና ደንቡን እንደ ክፍያው ዝርዝር በግልጥ ቢያወጣ ምንም አያጣም።

ፈተና ሁሉን ይተካል አልልም። ከመምህር ጋር መከራከር፣ በቤተ ሙከራ ውስጥ በእጅ መሥራት፣ በሕመምተኛ አልጋ አጠገብ ቆሞ መማር፣ የጻፉትን ድርሰት ሰው ሲተችባቸው ማዳመጥ፣ እነዚህን ምርጫ ያለው ጥያቄ አይሰጥም። እኔም በኋላ ክፍል ገብቼ ከልጆቼ እኩያ ተማሪዎች ጋር በተቀመጥሁ ጊዜ ያገኘሁትን ጥቅም በምንም አልለውጠውም። ነገር ግን ፈተናው የሚያወልቅልን ሸክም ያወቅነውን እንዳላወቅን ሆነን ደግመን የመማርን ሸክም ነው፤ ለ50 ዓመት ሰው ደግሞ አንድ ዓመት ቀላል ነገር አይደለም።

በመጨረሻ ወገኖቼ እምብዛም የማያውቁትን አንድ ነገር ልግለጥ። ክሌፕ የቋንቋ ፈተና የሚሰጠው በፈረንሳይኛ፣ በጀርመንኛና በስፓንኛ ብቻ ነው፤ አማርኛ የለበትም። ነገር ግን የአሜሪካ የውጭ ቋንቋ መምህራን ማኅበር በሚያሰናዳው የቃል ፈተና ውስጥ አማርኛ አለ፤ ፈታኙ በስልክ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ያህል ያነጋግራል፤ የትምህርት ምክር ቤቱም ለዚህ ፈተና ክሬዲት እንዲሰጥ ይመክራል። አንዲት በአረጋውያን መጦሪያ የሚሠሩ ጎረቤቴ ለነርስነት ትምህርት ሲመዘገቡ ኮሌጃቸው በጽሑፍ ከፈቀደላቸው በኋላ ይህን ፈተና ሊወስዱ ስለ ፈለጉ፣ በመኪናዬ ወደ ፈተናው ስፍራ አደረስኋቸውና ከደጅ ተቀምጬ ጠበቅኋቸው። ጥያቄው ስለ ልጅነት አካባቢያቸው ይጀምርና፣ የሆነውን ነገር ወደ መተረክ፣ ከዚያም በአንድ ክርክር ላይ አቋም ይዞ ወደ መሟገት ከፍ እያለ ይሄዳል። የተዘጋውን በር አልፎ የሚሰማኝ ቃሉ ሳይሆን የድምፃቸው ቃና ብቻ ነበር፤ በመጀመሪያ ዝግ ብሎ፣ ኋላ እየሰፋ፣ እንደ ማኅበር ቀን ወግ እየሞቀ ሄደ። በሩ ተከፍቶ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ሲወጡ፣ «እንዴት ሆነልዎ እትዬ?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ «ጠያቂው ጨረሰ እንጂ፣ እኔስ ገና መጀመሬ ነበር» አሉኝ።