ጥቁሩን መስኮት በልክዎ

ከደባርቅ ወደ ሳንቃበር ለመውጣት የተዘጋጀ መንገደኛ በቅሎዋ ከመጫኗ በፊት ጓዙን ይለያል። ዳገቱ ትርፍ ዕቃ አይወድም። ኮምፒውተር ላይ ስንቀመጥ ግን ብዙዎቻችን እንዲህ አናስብም፤ ሌላ ሰው የጫነልንን ሁሉ ተሸክመን እንጓዛለን። አሮጌው ላፕቶፕ ለመነሳት ሩብ ሰዓት ሲፈጅበት፣ አንዲት ገጽ ለመጻፍ የከፈትነው ፕሮግራም ኢንተርኔት ካላገኘሁ ብሎ ሲያኮርፍ ጥፋቱን ማሽኑ ላይ እንጥላለን።

ልጅዎ ደባርቅ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፉን እያዘጋጀ ከሆነ፣ ወይም እርስዎ ዳባት ላይ የሱቅዎን ሒሳብ በኮምፒውተር የሚይዙ ከሆነ ነገሩ ቀልድ አይደለም። የመብራቱን ነገር ያውቁታል። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበርም አይረሱትም። ሥራውን ኢንተርኔት ላይ ብቻ ያስቀመጠ ሰው ያኔ ደጅ ቀርቷል።

ስለዚህ በዚህ ወር ስለ ጥቁሩ መስኮት እናውራ። ባለሙያዎች ተርሚናል ይሉታል። ሥዕል የለው፣ የሚነካ ምልክት የለው፤ ትዕዛዙን ጽፈው «ኢንተር»ን ሲጫኑ ማሽኑ ይፈጽማል። ሊኑክስ ያስጫኑበት አሮጌ ላፕቶፕ ያለ ኢንተርኔት ይሠራበታል። ላፕቶፕ ከሌለ አንድሮይድ ስልክ ላይ ተርመክስ የተባለው ነጻ መተግበሪያ ይበቃል፤ ኔትወርክ ባለበት ቀን ከኤፍ-ድሮይድ ያውርዱት።

ቀጥሎ በመስኮቱ ውስጥ የሚጽፉበት ፕሮግራም ያስፈልግዎታል። ለጀማሪ ናኖ ይቀላል፤ የሚጫኑትን ቁልፍ ከግርጌው ያሳያል። የእኔ ምርጫ ግን ቪም ነው። ሆላንዳዊው ብራም ሞለናር በ1991 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው ነጻ ፕሮግራም ሲሆን፣ ሞለናር ገንዘብ መስጠት የሚፈልግ ተጠቃሚ በኡጋንዳ ኪባሌ ላሉ ችግረኛ ልጆች እንዲሰጥ ይለምን ነበር። እዚያ በበጎ ፈቃድ አገልግሎ ስለነበር ነው።

እኔን ያስወደደኝ ደግሞ የመብራት ጉዳይ ነው። ቪም 200 ያህል ፊደል በጻፉ ቁጥር፣ ወይም እጅዎን ለ4 ሰከንድ ባሳረፉ ቁጥር ሥራዎን በአንድ ስውር ፋይል ላይ ይገለብጣል። መብራቱ ድንገት ቢሄድ፣ የላፕቶፑ ባትሪም የሞተ ቢሆን፣ ፋይሉን እንደገና ሲከፍቱ ምን ላድርግ ብሎ ይጠይቅዎታል። «አር»ን ይጫኑ። ቢጎድል የመጨረሻዎቹ ጥቂት ቃላት ናቸው።

በልክ ማሰፋቱ ከዚህ በኋላ ይመጣል። ምርጫዎ ሁሉ የሚቀመጠው ስማቸው በነጥብ በሚጀምር ጥቂት የጽሑፍ ፋይሎች ውስጥ ነው። በቪም ፋይል ውስጥ መስመር እንዲቆጠር፣ ረጅም መስመር ቃል መሀል እንዳይቆረጥ፣ ቀለሙ ለዓይንዎ እንዲስማማ ሦስት አራት መስመር ይጽፋሉ። ትዕዛዝዎን የሚቀበለው ባሽ የራሱ ፋይል አለው፤ እዚያ ለረጅም ትዕዛዝ አጭር ስም ያወጣሉ። ስሙ በራሳችን ፊደል ቢጻፍ ባሽ አይከፋውም! የጽሑፉን ፎልደር ወደ ፍላሽ ለሚገለብጠው ትዕዛዝ «አስቀምጥ» የሚል ስም ይስጡት። መብራቱ ብልጭ ድርግም ማለት ሲጀምር የሚጽፉት አንድ ቃል ብቻ ይሆናል። ከሰው ያገኙትን የመቶ መስመር ፋይል ግን እንዳለ አይለጥፉ፤ ያልገባዎት መስመር ሲያስቸግር የት እንደሚነኩት ይጠፋዎታል። በሳምንት አንድ መስመር ይበቃል።

አማርኛ ለሚጽፍ ሰው ቪም አንድ ወጥመድ አለው። ትዕዛዞቹ የላቲን ፊደል ናቸው። የአማርኛ ኪቦርድ እንደተከፈተ ለመውጣት የሚታገል ሰው ሁለት ነጥብ የጫነ መስሎት የእኛኑ «፡» ይጽፍና ተዘግቶበት ይቀራል። ኪቦርዱን ወደ እንግሊዝኛ ይመልሱ፤ «ኢስኬፕ»፣ ሁለት ነጥብ፣ «ደብሊው»፣ «ኪው»፣ ከዚያ «ኢንተር»። አስቀምጦ ይወጣል።

የፊደላችን ስፋትም ያስቸግራል። ተርሚናል ለእያንዳንዱ ፊደል እኩል ጠባብ ቦታ ስለሚሰጥ እነ «ሠ» እና «ጨ» ይደራረባሉ ወይም ይቆረጣሉ። በዚህ ለተማረረ ሰው ኢማክስ የተባለው ሌላ የመጻፊያ ፕሮግራም አለለት። በራሱ መስኮት ሲከፈት ለፊደሉ የሚበቃውን ስፋት ይሰጠዋል፤ የአማርኛ መጻፊያም አብሮት ይመጣል። ኤስ፣ ኢ፣ ኤል፣ ኤ፣ ኤም ብለው ሲጫኑ «ሰላም» ይልልዎታል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 (እ.ኤ.አ.) ነው፤ ኢማክስ ግን በ1997 በወጣው 20ኛ እትሙ ፊደላችንን ይዞ ነበር። ከላፕቶፑ አቅም ካላነሰ ለረጅም የአማርኛ ጽሑፍ እሱን እመክራለሁ።

ሁሉም ሲስማማዎት እነዚያን በነጥብ የሚጀምሩ ፋይሎች ፍላሽ ላይ ይገልብጡ። ሁሉም ተደምረው የአንድ ፎቶግራፍ ያህል እንኳ ቦታ አይዙም። ልጅዎ ለዕረፍት ዳባት ሲመጣ የዘመድ ላፕቶፕ ተውሶ፣ ሊኑክስ ካለው፣ የለመደውን መስኮት በደቂቃዎች ውስጥ ይዘረጋል። ብቻ ከመገልበጥዎ በፊት የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ ማዘዝዎን ያረጋግጡ፤ ስማቸው በነጥብ ስለሚጀምር በተራ ዝርዝር ውስጥ አይወጡም፤ ፍላሹም ባዶውን መንገድ ይገባል።